የታችኛው ቦይ ፍየል

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው በግራው የደጋውን ተራራ፣ በቀኙ የዞብልን ሰንሰለት እያየ ይሄዳል። በመካከል ያለው ሜዳ የእኛ ነው። እንግዳ ሰው መቼም ድልድዮቹን አይቶ መገረሙ አይቀርም፤ ከሥራቸው ውሃ የለ፣ አሸዋና ጠጠር ብቻ። አንድ ጊዜ አብሮኝ የተሳፈረ ነጋዴ፣ «ይህ ሁሉ ድልድይ ለአሸዋ ነው እንዴ የተሠራ?» ብሎ ጠየቀ። የሚኒባሱ ሾፌር የሮቢት ልጅ ነበር። «ሐምሌ ላይ ብቅ በልማ፤ ድልድዩ ራሱ ይመልስልሃል» አለው፣ ዞር ብሎም ሳያየው።

እውነቱን ነው። በክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ያ ደረቅ ወንዝ ድንገት እያገሳ ይመጣል። ሌላው አገር ጎርፍ መጣ ሲባል ይሸሻል። እኛ አካፋና ዶማ ይዘን እንሮጥለታለን። ጎርፉ ደለል ተሸክሞ ይወርዳል፤ ደለሉ ማሳው ላይ ሲተኛ ማሽላው የሰው ቁመት አልፎ ይበቅላል። የራያ ገበሬ ስለ ጎርፍ ሲያወራ ስለ አንድ ቁጡ ግን ለጋስ አጎቱ የሚያወራ ይመስላል፤ ይፈራዋል፣ ያማዋል፣ ሲቀርበትም ያለቅሳል። ይህን ማስቀደሜ ያለ ነገር አይደለም። የማወራላችሁ ሰው የገዛ ሆዱን የተረዳው በዚሁ በጎርፉ በኩል ነው።

ሙሀመድሰይድ ይባላል። አብሮ አደጌ ነው። እኔ ለትምህርት ከአገር ወጥቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ የሰው አገር ኖሬ፣ በጡረታ ስመለስ እዚያው ቦይ ዳር ቆሞ አገኘሁት፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ዱላው ላይ ሰቅሎ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ በዚህ ዕድሜው ጥንቅሽ በጥርሱ የሚልጥ ሰው ነው። ሲስቅ ከሩቅ ይሰማል፤ ሲቆጣ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ያኔ ነው የሚፈራው።

የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት ማለት ጎርፉ ሲመጣ የት እንደሚጠለፍ፣ የማን ማሳ ቀድሞ የማን ተከትሎ እንደሚጠጣ የሚወስን ሰው ነው። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ዘበኛ የለው። ማሳው ሊደርቅ የደረሰን ገበሬ «ጠብቅ፣ ተራህ አልደረሰም» ሲለው ገበሬው አካፋውን ተክሎ ይቆማል። ይህን የሚያስቆመው ጉልበት ምንድን ነው ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። ያገኘሁት መልስ አጭር ነው፤ ሰውየው አያዳላም ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት የተሰነጠቀ ቀን የውሃ አባቱ እንደ ማንኛውም ባለ ዱላ ሽማግሌ ነው።

ከእኛ ወንዝ ሁለት ቦይ ይወጣል፤ የላይኛውና የታችኛው። የላይኛው ለተራራው ስለሚቀርብ ጎርፉን ቀድሞ ያገኛል፤ የታችኛው የተለቀቀለትን ይቀበላል። ጎርፉን ከወንዙ ወደ ቦዮቹ የሚመልሰው ክትር ግን የጋራ ነው። ድንጋይ፣ እሾህና አሸዋ ተከምሮ የሚሠራ ነው፤ በየዓመቱ ጎርፉ ያፈርሰዋል፣ በየዓመቱ እንገነባዋለን። ታችኞቹ ካልወጡ ላዮቹ ብቻቸውን ክትር አያቆሙም፤ ላዮቹ ካላሳለፉ ታችኞቹ ማሽላ አያዩም።

ስለዚህ አያቶቻችን አንድ ሥርዓት አቆዩን። ሰኔ ላይ ክትሩ ታድሶ ሲያልቅ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ፍየል ይመጣል። ከትልቁ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ይታረዳል። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ለራሳቸው አርደው ከጎን ይጠብሳሉ፤ ጥላው አንድ ነው። ከዚያ ለውሃ አባቱ ከሁለቱም ፍየል አንዳንድ ወርች፣ የፊት እግሩ ማለት ነው፣ ይቆረጥለታል፤ ሕዝብ እያየው ሁለቱንም አጥንቱ እስኪታይ መብላት አለበት። እሱ ሳይጨርስ ማንም አይቀምስም። መሐላው ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አይጨመርበትም። የሁለታችሁንም በልቻለሁ፣ በመካከላችሁ አላዳላም ማለት ነው። ፍልስፍና ያስተማሩኝ መምህራን ሰዎች በምን ውል ተስማምተው አብረው እንደሚኖሩ ብዙ ነግረውኛል። ወረቀት የሌለው፣ ጥርስ የሚፈርመው ውል ግን ያየሁት ከቁርቁራው ሥር ነው።

ሙሀመድሰይድ ይህን ውል ለብዙ ዓመት በደስታ ፈርሟል። አበላሉ ራሱ ትርኢት ነበር። የላዮቹ አፈ ጉባኤ አላምረው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ «ኧረ አንተ ሰው! አጥንቱንስ ለውሻ ተውለት እንጂ!» ይለው ነበር። እሱም አጥንቱን ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «ውሻው የላዮቹ ይሁን የታችኞቹ ስላላወቅሁ ነው፤ ላዳላ ነው?» ይላል። ሰዉ ይስቃል፣ ይመረቃል፣ ይበላል።

ሕመሙ የጀመረው ከዚህ ሁሉ በሩቁ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ቃር ያስቸግረው ነበር። ታከመ፤ ለጥቂት ሳምንት የሚወሰድ ባለ ሁለት ቀለም ኪኒን ታዘዘለት፤ ተሻለው። የታዘዘው ሲያልቅ ግን እሱ አልተወውም። «የበጀኝን ነገር ምን አደረገኝ ብዬ እተወዋለሁ?» አለ። ቆቦ ገበያ በወጣ ቁጥር እየገዛ ቀጠለ። አገራችን የሆድ ነገር ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ቢያቃጥልም ጨጓራ፣ ቢነፋም ጨጓራ፣ የበሉት አልፈጭ ቢልም ጨጓራ። ስሙ አንድ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ ይመስለናል።

ዓመታት ሲያልፉ ማቃጠሉ ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣ። ጥቂት ሲበላ ይሞላል። ሥጋ ከበላ ድንጋይ እንደዋጠ ሰው እስኪመሽ ይዞት ይውላል፤ ይነፋዋል፣ ያገሳዋል። ቦዩን ዳር ለዳር ሲሄድ ድካም ይጥለው ጀመር። እግሩ ይደነዝዝ ነበር፤ «ጫማዬን ሳደርገው አይታወቀኝም» ብሎኛል አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ። እሱ ታዲያ ምን አደረገ? ኪኒኑን ጨመረ። ድግስ ባለበት ቀን ደግሞ አስቀድሞ ይውጥ ነበር። ሚስቱ ኡሙልኸይር ይህን ስታይ ዝም አላለችም።

«አንቱ ሰውዬ፣ ገና ሳይበሉ ነው የሚታከሙት?»

«ሆዴን እያዘጋጀሁት ነው።»

«ምን፣ ሙሽራ ነው እንዴ የሚዘጋጀው!»

ኡሙልኸይር ከወንድሞቿ ጋር ግመል እየነዳች እስከ አፋር ገበያ የወረደች ሴት ናት። አፏ ስለታም ነው፤ አንጀቷ ግን ለስላሳ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ትለዋለች፤ እሱ ጨጓራ ነው ይላታል፤ በዚህ ይቋጫል።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ነገሩ ከቁርቁራው ሥር ፈነዳ። ሥርዓቱ የላዮቹን ማስቀደም ነበር፣ ውሃው በዚያ ስለሚመጣ። ሙሀመድሰይድ የላዮቹን ወርች በልቶ ጨረሰ፤ አጠገቡ ስለነበርሁ ግንባሩን ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ። የታችኞቹን አነሣ። ጥቂት ጎረሰ። አላመጠ፣ በግድ ዋጠ፣ እንደገና ጎረሰ። ከዚያ እጁ ቆመ። ሥጋውን ትሪው ላይ አስቀመጠው።

 ከጎን እሳቱ ላይ ስቡ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል።

የታችኞቹ መሪ ዒምራን ነው፤ ጎልማሳ፣ ቁጥብ፣ የተናገረውን የማያጥፍ ሰው። ቀስ ብሎ፣ «አያ ሙሀመድ፣ የእኛ ፍየል ከሲታ ነበረች እንዴ?» አለ።

«ጠገብሁ» አለው ሙሀመድሰይድ።

አመመኝ ቢል ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ዱዓ ያደርግለት ነበር። ኩሩ ሰው ግን ከሕመም ጥጋብ ይቀለዋል። ጠገብሁ። ከማን ጠገበ? ከላዮቹ። ቃሉ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ማታውኑ በየቤቱ ገባ። በዚያ ክረምት ደግሞ ጎርፉ ቀጠነ፤ ደጋው ላይ ዝናብ አጥሮ ነበር። ታችኞቹ ዘንድ የደረሰው ጥቂት ነው፤ ማሽላቸው አገዳ ብቻ ሆነ። ሙሀመድሰይድ ውሃውን በሐቅ እንደከፈለው እኔም አውቃለሁ፣ ቦዩም ያውቃል። የተራበ ሰው ግን ሁለት ነገር ሲያይ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ፍየላችንን ናቀ፣ ውሃችንን ነሣን አሉ።

በበጋው ዒምራን ሽማግሌ ላከ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ክትሩን እንሠራለን። ሰኔ ላይ የእኛን ፍየል አስቀድሞ ይብላ፣ ይጨርስ። ካልጨረሰ ከእሱ ጋር ውል የለንም፤ ከላይ የራሳችንን ቦይ እንቆፍራለን።

ከላይ ሌላ ቦይ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። የላዮቹን ውሃ መቁረጥ ማለት ነው። አካፋ ይዞ የወጣ ሰው አካፋውን በሌላ ነገር ይለውጣል ማለት ነው። አገራችን በቅርብ ዓመታት ያየችው በቂያችን ነበር።

በማግሥቱ ሙሀመድሰይድ እቤቴ መጣ። ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ዱላውን ልመልስላቸው ይሆን?» አለኝ። «ሌላ ይምረጡ።»

«አንተ ተውክ ማለት ያሙህ ነገር እውነት ሆነ ማለት ነው።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ወላሂ አንዲት ጠብታ አላዳላሁም። እህል ነው እምቢ ያለኝ። የኖርሁበት አካል ከዳኝ።»

«ከዳኝ ከማለትህ በፊት ጠይቀኸዋል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሆድ ይጠየቃል?»

«የሚጠይቅለት ሰው አለ። ነገ ቆቦ እንወርዳለን።»

በባጃጅ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ባጃጁ ሲነጥር ሆዱን ይዞ ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ቤተልሔም ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚከብደው፣ እግሩን ከመቼ ጀምሮ እንደሚደነዝዘው ጠየቀችው። ምላሱን አየች። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትለው በኩራት ከኮቱ ኪስ እሽጎቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት።

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?»

«ኧረ እኔ እንጃ፤ የመጨረሻው ልጄ ሳይዳር ነው። አሁን የልጅ አባት ነው።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደሙ ይመርመር፣ ሰገራውም ይታይ አለች። ቁስል ወይም ሌላ ነገር እንዳይኖር ወልድያ ልካ ጨጓራውን ከውስጥ በካሜራም አስመረመረችው። ውጤቱ ተሰብስቦ ሲመጣ እንደገና አብረን ገባን። ክፉ ነገር አልተገኘም። ደሙ ግን አንሷል፤ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ቫይታሚንም ጎድሎታል።

«እንደሚመስለኝ» አለችው፣ «ጨጓራዎ ውስጥ አሲዱ አንሷል። በዕድሜም ሊቀንስ ይችላል። ይህ ኪኒን ደግሞ ሥራው እሱን መቀነስ ነው፤ ለቃር ጥሩ ነው፣ ግን ይህን ያህል ዘመን ያለ ሐኪም ቁጥጥር አይወሰድም።»

«አሲድ ማለት ያ የሚያቃጥለው አይደለም? ጠላቴ አይደል?»

«ቦታውን ሲለቅ ያቃጥላል። በቦታው ሲሆን ግን ሥጋውን የሚያላላው፣ ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም የሚገድለው፣ ያን ቫይታሚን ከሥጋው የሚያላቅቀው እሱ ነው። እሱ ሲያንስ ምግብ ይቆያል፣ ይከብዳል፣ ይነፋል።»

ሙሀመድሰይድ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስኮቱን አሻግሮ ያይ ነበር። ከዚያ በዘንግ እንደ ተመታ ሰው ጭኑን መታ።

«ኧረ ጉድ! ለካስ ጎርፉን ከላይ ዘግቼ ነው፣ ማሳው ለምን ደረቀ እያልሁ የከረምሁት! ደግሞ ሲደርቅ ጊዜ መዝጊያውን እጨምርበታለሁ!» እሽጎቹን በእጁ አፈሰና ቅርጫቱን በዓይኑ ፈለገ። «ዛሬውኑ እጥለዋለሁ።»

«አይሆንም፣ አባቴ!» እጁን ያዘችው። «በአንድ ጊዜ ካቆሙት አሲዱ ተመልሶ ከበፊቱ ብሶ ሊያቃጥልዎ ይችላል። እኔ እያየሁዎት ቀስ በቀስ ነው የምንቀንሰው።»

«ይኸማ ይገባኛል» አላት፤ ፊቱ በርቶ። «ውሃ የያዘ ክትር በአንድ ጊዜ አይፈረስም፤ ቦዩን ይዞት ይሄዳል። በትንሽ በትንሹ ነው የሚከፈት።»

ሳቀች። «ይህን ለሌሎች ታካሚዎቼም ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው። የራያ ሰው ነው ያለ በያቸው።»

የቫይታሚኑን መርፌ አዘዘችለት። ስለ አበላሉም መከረችው። ትንሽ ትንሽ ይብሉ፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፤ ሥጋ በደንብ የበሰለና የደቀቀ ይሁን፤ እህሉ መሐል ውሃ በጣሳ አይገልብጡ፤ በልተው ወዲያው አይተኙ። ኮምጣጣ ነገር፣ ሎሚ ጠብ ያለበት፣ እርጎ፣ በደንብ የቦካ እንጀራ፣ ካላቃጠለዎት ለአንዳንድ ሰው ያግዛል፤ ካቃጠለዎት ይተዉት። «ይህ ሁሉ ለሆድዎ ምርኩዝ ነው፣ መድኃኒት አይደለም» አለችው። «ሰገራዎ ጥቁር ከሆነ፣ ወይ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ወይ የሚውጡት ጉሮሮዎ ላይ ከቆመ፣ ቀን አይቁጠሩ፤ ይምጡ።»

ልንወጣ ስንል በር ላይ ቆመ። «አንድ ነገር አለ። ሰኔ ላይ አንድ ወርች እስከ አጥንቱ መብላት አለብኝ። ሰው ፊት።»

«የግድ ነው?»

«ማሽላ ነው ልጄ። የብዙ ሰው ማሽላ።»

ዶክተሯ መዝገቡን መልሳ ገለጠች። «ያን ያህል ሥጋ በአንዴ አልመክርዎትም። የግድ ከሆነ ግን ማንም አያስቸኩልዎ። ጥርስዎ ሙሉ ነው፤ ለሆድዎ የከበደውን ጥርስዎ ይሥራው። የማይሆን ከመሰለዎት ደግሞ ይቁሙ።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱን ኡሙልኸይር ያዘችው። ሰውየው መንደር ያስተዳድራል፤ ገበታው ላይ ግን እሷ የውሃ አባት ሆነች። ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ሲቸኩል ካየች፣ «ያኝኩ! ጅብ ያሳድድዎታል?» ትላለች። የማሽላውን ሊጥ ከልማዷ አስበልጣ ታቦካዋለች። ሥጋውን በቢላዋ አድቅቃ፣ አብስላ፣ ሎሚ ጠብ ታደርግበታለች። ኪኒኑ መቀነስ ሲጀምር ሎሚው አቃጠለውና ዶክተሯ ለጊዜው አስተወችው፤ ኡሙልኸይር በሎሚው ምትክ እርጎ በትንሽ ቅል አቀረበች። ጎረቤት ደግሞ መቼ ዝም ይላል? አንዱ ሬት ጠጣ ይለዋል፣ አንዱ የእገሌን ሥር ወቅጠህ ዋጥ ይለዋል። «አንድ ክትር ሁለት የውሃ አባት አይችልም» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ቀስ እያለ ተለወጠ። መጀመሪያ የተመለሰው አረማመዱ ነው፤ ቦዩን ዳር ለዳር ሲሄድ ከኋላው መድረስ አቃተኝ። ቀጥሎ ሳቁ ተመለሰ። ሥጋ ሲበላ ግን አሁንም ቀስ ማለት ነበረበት፤ ከቸኮለ ያ ድንጋይ ተመልሶ ይቀመጥበታል።

«ለሰዉ ንገራቸው» አልሁት። «አምና አመመኝ በላቸው።»

«የታመመ የውሃ አባት ማን ይከተላል?» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። 

ሰኔ ደረሰ። ታችኞቹ ቃላቸውን ጠብቀው ወጡ፤ ክትሩም ቆመ። የፍየሎቹ ቀን ሁሉም ከቁርቁራው ሥር ተሰበሰበ፤ ላዮቹ በአንድ ወገን፣ ታችኞቹ በሌላው፣ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ። ሰማዩ ላይ ዳመና የለም፤ ከሩቅ የደጋው ጫፍ ብቻ ጠቁሯል። ኡሙልኸይር ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ተቀምጣ ዓይኗን አልነቀለችም።

ዒምራን ትሪውን ራሱ ይዞት መጣ። እንዲያ ያለ ትልቅ ወርች ቀርቦ አያውቅም። ሙሀመድሰይድ አየውና፣ «ይህቺ ፍየል ናት ወይስ ግመል?» አለ።

«ዘንድሮ ከሲታ እንዳትሆንብዎ ብለን ነው» አለ ዒምራን፣ ሳይስቅ።

«ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ። ቢላዋ ጠየቀ። ሥጋውን በቀጭን በቀጭኑ ከተፈው። አንዷን ወደ አፉ ከተተና ያላምጥ ጀመር። አላመጠ፣ አላመጠ። ዋጠ። ሌላ ቆረጠ። አምና የነበረው ጉርሻ በጉርሻ ላይ የለም። ጥላው መዞር ጀመረ። ታችኞቹ መተያየት ጀመሩ። ከኋላ አንዱ፣ «ያስመስላል እኮ! እስኪደክመን ጠብቆ ሊያስቀምጠው ነው» ሲል ተሰማ።

ሙሀመድሰይድ ሰማው። የያዘውን ጨርሶ ዋጠና ቢላዋውን አስቀመጠ።  ድምፁ ዝቅ አለ።

«አምና ጠገብሁ ብያችኋለሁ። አልጠገብሁም። ታምሜ ነበር፤ ነውር መስሎኝ ደበቅሁ። ሆዴ ሥጋ መፍጨት ትቶ ነበር፤ ያስተውሁትም እኔው በገዛ እጄ ነው። አሁን እየታከምሁ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን እንደ ድሮው አልበላም፤ ድሮ የነበርሁትን ሰው አትጠብቁ። ይህን ሥጋ ቀስ ብዬ እበላዋለሁ፤ እጨርሰዋለሁም። የውሃ አባታችሁ ከሆንሁ እናንተም ተራችሁን ትጠብቃላችሁ። እኔ ስንቱን ሰው በውሃ ተራ አስጠብቄ የለም?»

ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ዒምራን ባዶውን ቦታ አቋርጦ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። «አመመኝ ቢሉን ምን ነበረበት፣ አያ ሙሀመድ?» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘነ ልጅ ድምፅ ነበር። ከዚያ ወደ ወገኖቹ ዞረ፣ «ተቀመጡ። እንጠብቃለን» አለ።

ተጠበቀ። አንድ ሽማግሌ ሥጋ ሲያላምጥ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ደግሞ ሰው ሲጠብቅ ዝም ብሎ አይጠብቅም። አላምረው ተነሥቶ ወደ ታችኞቹ ሄደ፤ ባዶው ቦታ ስለ ከለከለው እንጂ ወሬ አምሮት ኖሯል። የአምናው ጎርፍ ስለ መቅጠኑ፣ ማን ምን ያህል እንዳገኘ ተነሣ። አንድ የላይኛው ሰው፣ «እኛም እኮ አገዳ ነው ያጨድነው፤ ሄዳችሁ ጎተራችንን እዩ» አለ። ታችኞቹ ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ማን ማንን አነጋግሮ? ሙሀመድሰይድ እያላመጠ ይሰማል። መናገር አይችልም፤ አፉ ሥራ ላይ ነው። ምናልባት ይህም በጀን። የውሃ አባቱ ዝም ስላለ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ።

ወርቹ ከግማሽ በላይ ሄዶ ነበር፤ ሴቶቹ መጀመሪያ ሰሙት። ኡሙልኸይር ብድግ አለች። ከምዕራብ፣ ከተራራው ሥር፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚንከባለል ድምፅ።

«መጣ!»

ሁሉም አካፋውን አነሣ፤ ግን ማንም አልሮጠም። ሁሉም ትሪውን ያይ ነበር። ያልተጨረሰ ሥጋ፣ ያልታሰረ ውል። ሙሀመድሰይድም ትሪውን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ለመጉረስ እጁን ዘረጋ። ቸኩሎ ሊውጠው መሆኑን አወቅሁ።

ዒምራን እጁን ቀድሞ ያዘው። የቀረውን ወርች ከአጥንቱ ጋር ከትሪው አነሣና በገዛ ነጠላው ጠቅልሎ እጁ ላይ አስቀመጠለት። «አይቸኩሉ። ይዘውት ይምጡ፤ ክትሩ ላይ ይጨርሱታል። እኛ እናይዎታለን።»

«የእናንተስ ፍየል?» አለ ሙሀመድሰይድ ወደ ላዮቹ ዞሮ።

«የእኛዋ ትጠብቃለች» አለ አላምረው እየሮጠ። «ከሞተች ወዲያ ወዴት ትሄዳለች!»

በዚያ ቀን የሆነውን ለልጅ ልጆቻችን እንነግራለን። ጎርፉ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ፣ ግንድ እያንከባለለ መጣና ክትሩን ገፋው፤ ክትሩ ቆመ። ላዮቹና ታችኞቹ ተቀላቅለው ጎርፉ በሸረሸረው በኩል ድንጋይ ይጥላሉ፣ እሾህ ይጎትታሉ። ሙሀመድሰይድ ከፍታው ላይ ቆሟል፤ በቀኙ ዱላ፣ በግራው በነጠላ የተጠቀለለ ወርች። በጥርሱ እየቆረሰ ያላምጣል። መጮህ ስላልቻለ በዱላው ያመለክታል፤ ዱላው ወደ ቀኝ ሲል ሰዉ ወደ ቀኝ ይተማል፣ ሲወርድ ይቆማል። አላምረው ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ «ዛሬ ነው ያለ ስድብ ያሠራን!» ብሎ ጮኸ። ሙሀመድሰይድ አፉን ሙሉ ሥጋ ይዞ ሲስቅ ሊያንቀው ነበር።

የላይኛው ማሳ በልኩ ሲጠጣ ዱላው ወረደ፤ ውሃው ወደ ታችኛው ቦይ ዞረ። ዒምራንና ሰዎቹ ከውሃው ጋር ቁልቁል ሮጡ። ደለሉን ተሸክሞ በደረቀው መሬት ላይ ሲተኛ ሰማነው፤ ምድር ውሃ ስትጠጣ የምታሰማው ያ ድምፅ።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ዒምራን ጭቃ ለብሶ ወደ ክትሩ ተመለሰ። ሙሀመድሰይድ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ነጠላውን ፈታና አጥንቱን ከፍ አድርጎ አሳየው። ነጭ ነው፤ ውሻም የሚፈልገው ነገር አልቀረበትም። ዒምራን አጥንቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ ሳመውና ለቀሩት አሳለፈው። ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አሚን ሲባል ከሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ ወጣ።

ሙሀመድሰይድ ምርቃቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ አፉን በእጁ ጠረገና እንደ ድሮው ከሩቅ በሚሰማው ድምፁ፣ «እሺ፣ የላዮቹስ የታለች?» አለ።

«ነገ!» አለች ኡሙልኸይር ከወዲያ ማዶ።

የውሃ አባቱ ዱላውን አስቀመጠ። «ተራ ነው» አለ። «ነገ።»